ምሰሶው ሥር ያለችው የሁለት ሰው ጠረጴዛ

ኒው ኦርሊንስ፣ ጥር 14 ቀን

ለማከብርዎት አጎቴ ለዶን ቴዎፊሎ ባቲስ
ፑንታ ጎርዳ

ከሁሉ አስቀድሜ በረከትዎን እለምናለሁ። በጤናዎ፣ በቤትዎና በጀልባዎ ላይ የእግዚአብሔር ጥበቃ አይለይ።

ምናልባት አያስታውሱኝም። የሲፕሪያና ልጅ ኒዲያ ነኝ። ከመንደራችን ስወጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴና እርስዎ የእህትማማች ልጆች መሆናችሁን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ አድራሻዎንም የሰጠችኝ እሷ ናት።

የምጽፍልዎ በእሷ ጉዳይ ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ እናቴ መብላት ትታለች። ውኃ ትጠጣለች፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ማንኪያ ሾርባ ትቀምሳለች፣ በቃ። ሐኪሞች ሆዷንም ደሟንም መርምረው ምንም አላገኙም። ማዕድ ሳቀርብላት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩን ታያለች። “እማዬ፣ ብዪ እንጂ” ስላት “እንግዳ እየጠበቅሁ ነው” ትለኛለች። ማንን ብዬ ስጠይቃት መልሳ በሩን ታያለች። አሁን ሠላሳ ስምንት ኪሎ ደርሳለች።

በገና ሰሞን ግን ሳልጠይቃት “የመርከብ ምግብ ቢሆን እበላ ነበር” አለች። በዕድሜዋ የሽርሽር መርከብ ላይ ወጥታ አታውቅም። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም፣ መጋቢት 9 የሚነሣ መርከብ ላይ ለሁለታችን ቦታ ያዝኩ። በአራተኛው ቀን በእኛው ደሴት በኩል ያልፋል። የመርከቡን ሥዕል ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

እርስዎ በመርከብ የምግብ አዳራሽ ሃያ ስድስት ዓመት እንደሠሩ ሰምቻለሁ። ሰው ራሱ እያነሣ የሚበላበት ትልቅ አዳራሽ ነው አሉኝ፤ ግፊያው ያስፈራኛል። መቼ እንግባ? የት ላስቀምጣት? ምን ላንሣላት? ይምከሩኝ።

አክባሪዎ ኒዲያ


ፑንታ ጎርዳ፣ የካቲት 2 ቀን

ለሲፕሪያና ልጅ ለኒዲያ

እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ ማዕድሽን አያጉድልብሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ትጮኻለች፣ እኔም አልሰማትም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ኤርሲሊያ ናት። መጻፍ ታውቃለች፣ ዝም ማለት አታውቅም። በመካከል የእሷን ነገር ካገኘሽ ዝለዪው።

የመርከቧን ሥዕል አየሁ። ስሟን እንደቀየሩት ኤርሲሊያ አነበበችልኝ። አዲስ ቀለምም ቀብተዋታል። አሮጊት ሙሽራ ብትኳል ያው አሮጊት ናት። በስተኋላ ያሉት ሰባት ረጃጅም መስኮቶች የት ይደበቃሉ? ፊደል ባላውቅ መርከብ አውቃለሁ። ያቺው የኔዋ መርከብ ናት።

እዚያ ሥጋ ቆራጭ ነበርኩ። በቀን ስምንት መቶ ሰው ከቢላዬ ሥር በልቷል፤ ሥጋው ጠነከረብኝ ብሎ ሳህን የመለሰልኝ አንድም የለም። ስለዚህ የምነግርሽን ከሌላ ሰው ጋር አታመዛዝኚ።

መጀመሪያ በምትሳፈሩበት ቀን ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ አዳራሹ ይሮጣል፣ ከነገ ወዲያ ምግብ የማይኖር ይመስል። እናንተ አትሩጡ። ያን ቀን ታች ያለው አስተናጋጅ የሚያቀርብበት ቤት ባዶውን ነው፤ እዚያ ብሉ። በሌላው ቀን ምሳ ከመጀመሩ ቀድመሽ ግቢ፣ ወይም ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው። በመካከሉ የገባ ሰው የሰው ጀርባ በልቶ ይወጣል።

እናትሽን በመርከቧ ወገብ ላይ አስቀምጫት፣ እዚያ አይናወጥም። ከዚያ ባዶ እጅሽን አዳራሹን አንዴ ዙሪ። ሳህን ሳትይዢ! ሳህን የያዘ ሰው ዓይኑ ይታወራል። በር ላይ የተደረደረው ዳቦና ቅጠላ ቅጠል ነው፤ የሚያስቀምጡት ሆድሽን በርካሽ እንዲሞሉት ነው። ደህናው ነገር መጨረሻ ላይ ነው። ሥጋ ቆራጩን ስሙን ጠርተሽ ሰላም በዪው፣ ደረቱ ላይ ተጽፏል። ሰላም ላለኝ ሰው የዳሩን ቡናማ ቁራጭ እሰጠው ነበር፤ ጣቱን ቀስሮ “እዚያኛው” ላለኝ ግን ከመሐል። ጭልፋ የነካሽበትን እጅ ሳትታጠቢ እንዳትበዪ፤ ስምንት መቶ ሰው ያን እጀታ ጨብጦታል። ዓሣ በመጨረሻው ቀን አይነካም። ሳህን አትከምሪ፣ ሦስት ጊዜ መመላለስ ነውር አይደለም። ለመጨመር ስትነሺ የአፍ መጥረጊያውን ጨርቅ ወንበሩ ላይ ተዪው። ሳህን ላይ ከጣልሽው “ጨርሻለሁ” ማለት ነው፤ ስትመለሺ ምግብሽ የለም።

አንድ ነገር ቀረኝ። በስተኋላ በግራ፣ ምሰሶው ሥር፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ጠረጴዛ አለች። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ትሪ ይዞ ሲንከራተት እሷ ባዶ ትሆናለች። እናትሽን እዚያ አታስቀምጪ። ለማይታይ ሰውም ሳህን እንዳታስቀምጪ።

ሲፕሪያናን ሰላም በያት። የምትጠብቀው እንግዳ የለም፣ ትብላ።

ቴዎፊሎ ባቲስ፣ በጣቱ አሻራ


ኒው ኦርሊንስ፣ የካቲት 16 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። እግዚአብሔር ቃልዎንና ዕድሜዎን ያቆይልን። ምክርዎን በትንሽ ወረቀት ገልብጬ በቦርሳዬ ይዤዋለሁ።

ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ስለ ሥጋ ቆራጩ ሳነብ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ጠረጴዛዋ ጋ ስደርስ ሳቀች። ከመስከረም ወዲህ ስትስቅ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቋ ግን የእሷ አልመሰለኝም፤ ወፍራም ነበር። “ቴዎፊሎ አልረሳትም ማለት ነው” አለች። ምኑን ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አጎቴ፣ ሳልደፍር አልቀርም፣ ይቅር ይበሉኝ። ስለ አባቴ የማውቀው በባሕር መሞቱን ብቻ ነው። አራት ዓመቴ ነበር። እርሱም በመርከብ ይሠራ እንደነበር ትላንት ከእናቴ አፍ አመለጠ። በእርስዎ መርከብ ላይ ነበር? በደብዳቤዎ የእናቴን ስም ሁለት ጊዜ ጠርተዋል፣ የአባቴን አንድ ጊዜ እንኳ የለም። ጠረጴዛዋስ ምንድን ናት?

ሠላሳ ስድስት ኪሎ ሆናለች። ፈጥነው ይጻፉልኝ።

ኒዲያ


ፑንታ ጎርዳ፣ መጋቢት 3 ቀን

ለኒዲያ

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅና። ይህን በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ሳትሳፈሪ ይደርስሻል።

ስለ ሾርባው ሳልነግርሽ ቀርቼ ነበር። ሾርባ ጠዋት ከተቀዳ ጥሩ ነው፣ ከሰዓት የተጨመረበት ውኃ ነው። ለደካማ ሰው እንቁላል እዚያው ፊትሽ አስጠብሺ፤ በትልቁ ትሪ ላይ ያለውን አትመኚው። ባሕር በተናወጠ ቀን ሾርባ ይዘሽ አዳራሹን አታቋርጪ።

ጠረጴዛዋ ጠረጴዛ ናት። አራት እግር አላት። አትቀመጡባት ብያለሁ፣ ለምን የሚሉት ነገር አልወድም። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስም በከንቱ አይጠራም፤ ስሙን የሰማ ይመጣል።

እዚህ ላይ ኤርሲሊያ ብዕሯን አስቀምጣ “ወይ እውነቱን ንገራት፣ ወይ ሌላ ጸሐፊ ፈልግ” ብላኛለች።

“የምልሽን ጻፊ” አልኳት።

“የምትለውን ነው የምጽፈው፤ የማትለው ነው ወረቀቱን ያጨናነቀው” አለች።

ሌላ ጸሐፊ መንደሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ እዚህ ላይ ይብቃኝ።

ቴዎፊሎ


መርከብ ላይ፣ በደሴታችን ኮክሰን ሆል ወደብ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ ማለዳ

ለአጎቴ ለዶን ቴዎፊሎ

ሰላምታ ለማብዛት ጊዜ የለኝም፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ እዚህ ሳህን የሚያጥብ የመንደራችን ሰው ነው፤ እግሩ መሬት እንደነካ ወደ እርስዎ እንዲሮጥ ለምኜዋለሁ።

ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ታች በላን፣ ማለቴ እኔ በላሁ። በማግስቱ ምሳ ሳይጀመር ገባን፣ እናቴን በመርከቧ ወገብ ላይ አስቀምጬ ባዶ እጄን ዞርኩ። ሥጋ ቆራጩን ስሙን ጠራሁት፣ ቡናማውን ዳር ሰጠኝ። እናቴ አልነካችውም። አንገቷን አዙራ ወደ ኋላ ታያለች።

ትላንት እኔው ዘገየሁና አዳራሹ ሞልቶ ደረስን። ሰው ትሪውን ተሸክሞ ይዞራል። ምሰሶው ሥር ያለችው ብቻ ባዶ ናት። እናቴ እጄን ለቀቀች። ሁለት ወር ያለ ደጋፊ አልቆመችም፤ ሰውን እየጋፋች ሄዳ ተቀመጠች። አስተናጋጆቹ እንደ ውኃ ጉድጓድ ዞረዋት ያልፋሉ። “ሥጋ ከዳሩ፣ ድንች፣ መረቁን ከላይ አድርገሽ አምጪ” አለችኝ። ልትበላ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ሮጥኩ። ሳህኑን ፊቷ ሳስቀምጥ ወደ ባዶው ወንበር ገፋችው።

አጎቴ፣ ያየሁትን ልንገርዎ። መስኮቱ የማይከፈት ነው። ከምግቡ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ላይ አልሄደም፤ ወደ ወንበሩ ታጠፈ። አንዲት ፈረንጅ ትሪ ይዛ መጣችና “ይህ ወንበር ሰው አለው?” ልትለኝ አፏን ከፈተች። ከዚያ ወንበሩን አየችና “ይቅርታ፣ ጌታዬ” ብላ ሄደች።

እንፋሎቱ ሲያልቅ እናቴ ሳህኑን መለሰችልኝ። “ከአንቺ እጅ አይቀበልም። የነሣው ሰው ይመልስለት” አለች። ማን ነው የነሣው ስላት “ቴዎፊሎ” አለችኝ።

የመርከቡ ሐኪም ኩላሊቷ እየቆመ ነው፣ ካልበላች ሁለት ቀን አትቆይም ብሏል። ወደ ምድር እንድትወርድ አልፈቀደም፤ ጠያቂም ወደ ላይ አይወጣም። ከጠረጴዛዋም አልነሣም ብላለች። ከመስኮቱ የወደቡ ድልድይ ይታያታል። የምንሄደው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

ምንድን ነው የነሡት?

ኒዲያ


ፑንታ ጎርዳ፣ መጋቢት 13 ቀን

ለላዛሮ ልጅ ለኒዲያ

የአባትሽ አምላክ ይባርክሽ። ላዛሮ። ይኸው ስሙን ጠራሁት፤ ይምጣ ከፈለገ።

አባትሽ በኔ መርከብ ላይ ሳህን ያጥብ ነበር። ሥራውን ያገኘሁለትም እኔ ነኝ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት አንድ ቀን ትኩሳት ይዞት የሁለት ሰው ሥራ ሠራ፤ ከማለዳ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም። ምሳ ተዘግቶ አዳራሹ ባዶ ሲሆን፣ ከኔ መክተፊያ ላይ የተረፈውን የሥጋ ዳር አንሥቶ፣ ድንች ጨምሮ፣ መረቅ አፍስሶበት ምሰሶው ሥር ተቀመጠ። ሠራተኛ በእንግዳ ጠረጴዛ አይቀመጥም። ሕጉ ነው። እኔን ደግሞ በዚያ ሳምንት የቆራጮች አለቃ ሊያደርጉኝ ነበር።

ሹካው አፉ ጋ ደርሶ ነበር። “ወንድሜ፣ አንዴ ልጉረስ” አለኝ። ሳህኑን ከፊቱ አነሣሁት። ቆሻሻ ውስጥ ገለበጥኩት። ከዚያ ሄጄ ለአዳራሹ ኃላፊ ነገርኩ። ኪንግስተን ወደብ ላይ አወረዱት። አለቃ ሆንኩ። እሱ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ለምኖ ወደ ቤቱ ሲመጣ ባሕሩ ጀልባዋንም ሰዎቹንም ዋጠ። ለእናትሽ “ባሕር ወሰደው” አልኳት። ስለ ሳህኑ አልነገርኳትም። ማን እንደነገራት አንቺም አሁን ታውቂያለሽ።

የእኛ ሙታን ሲርባቸው በሕልም መጥተው ይጠይቃሉ። የተጠየቀው ሰው ከበሮ ያስመታል፣ በባሕሩ ዳር ማዕድ ይዘረጋል፣ ያበላቸዋል። ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። እኔን ሠላሳ አንድ ዓመት ጠየቀኝ። ልብሱ ውኃ እያንጠባጠበ አልጋዬ እግርጌ ይቆማል። አይሰድበኝም። “ሳህኔስ?” ይለኛል። “ሕግ ሕግ ነው” እለዋለሁ፣ እዞራለሁ፣ እተኛለሁ። መስከረም ላይ መምጣቱን ተወ። አሸነፍኩት ብዬ ነበር። ወደ እናትሽ መሄዱን ማን ያውቃል?

ደብዳቤሽ አራት ሰዓት ላይ ደረሰኝ። ኤርሲሊያ አንብባ ስትጨርስ ለአንድ ጊዜ እንኳ ዝም አለች። ከዚያ “የበሬ ሥጋ እዚህ አይገኝም፣ ተነሥ” አለችኝ። ፍሬንች ሃርበር ገበያ ሄደን ገዛን፣ በእህቷ ምድጃ ጠበስኩት። አልቸኮልኩም። የሥጋ ዳር ቡናማ እንዲሆን ጊዜ ይፈልጋል፣ መርከብ ይሂድ አይሂድ አያውቅም። ነጭ ኮቴን ለበስኩ። ሆዴ ላይ አልቆለፍ አለኝ፣ ኤርሲሊያ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የወደቡ ድልድይ ላይ ጠረጴዛ ዘረጋሁ፣ ልክ ከሰባቱ መስኮቶች ፊት። ዘበኛው መጣ።

“አባባ፣ እዚህ መሸጥ ክልክል ነው።”

“የሚሸጥ ነገር የለኝም።”

“ታዲያ ለማን ነው?”

“ለአንተ አይደለም፣ አትጎምጅ።”

ኤርሲሊያ ቀስ ብላ የሆነ ነገር ነገረችው። እሱም የእኛው ሰው ነው፣ ቆቡን አወለቀና ራቅ ብሎ ቆመ። ከመርከቡ የወረዱት ቱሪስቶች ግን ካሜራ አወጡ። “ትርኢት ነው? መቼ ነው የሚጀምረው?” ይላሉ። በሃያ ስድስት ዓመት እንግዳ ስቆብኝ አያውቅም። ትላንት ሳቁ። ይሳቁ።

ሥጋውን ከዳሩ ቆረጥኩ። ድንቹን አደረግሁ፣ መረቁን ከላይ። በቀኝ ጎን ቆሜ፣ ለትልቅ እንግዳ እንደሚደረገው፣ ጎንበስ ብዬ አቀረብኩ። “ላዛሮ፣ ሳህንህ ይኸውልህ። የነሣሁህ እኔ ነኝ” አልኩ። ጮክ ብዬ። ሌላ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋኝ።

ነፋስ ከባሕር በኩል እየመጣ ነበር፣ የጠረጴዛውን ልብስ ያንገላታዋል። እንፋሎቱ ግን አልተበተነም። አንቺ የጻፍሽውን ነው ያየሁት። ወንበሩ ሥር ያለው ሳንቃ ረጠበ። ዝናብ የለም፣ ማዕበልም ድልድዩ ላይ አይደርስም። ሁለት ጫማ የሚያህል ቦታ ረጠበ። የሳቁት ሰዎች ያን ጊዜ ወደ ኋላ ሸሹ።

ዓይኔ ሩቅ አያይም። መስኮቱ ውስጥ ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ። ኤርሲሊያን “ምን ታደርጋለች?” አልኳት።

“ተቀምጣለች።”

“እሱንማ አውቃለሁ!”

“አትጩህብኝ… ልጅቷ አጠገቧ ቆማለች። ቆይ። ማንኪያ አነሣች። ቴዎፊሎ! ቴዎፊሎ፣ ትበላለች! እግዚኦ፣ ጎረሰች!”

“አንዴ ነው?”

“ሁለቴ። ዳቦ ቆረሰች። ልጅቷ እያለቀሰች ነው።”

እኔ አላለቀስኩም። ነጭ ኮት ለብሶ አይለቀስም።

ስለዚህ ምን ያህል እንደበላች አትጻፊልኝ፤ ኤርሲሊያ አንድ በአንድ ቆጥራልኛለች። ቀስ አድርገሽ አብያት፣ ባዶ ሆድ ይቆጣል። መጀመሪያ ሾርባ፣ ከዚያ እንቁላል። አባትሽን ስለ መውደድ ወይም እኔን ስለ መጥላት የምታስቢው ካለ አስቢው፣ መብትሽ ነው። ይቅር በዪኝ አላልኩሽም። የምለምነው አንቺን አይደለም።

መርከባችሁ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጮኸች፣ ገመዷን ፈታች፣ ሄደች። ሰው ሁሉ ከወደቡ ወጣ። ሳህኑን አየሁት። ሥጋው በቦታው ነው፣ መረቁ ረግቷል። የሃያ ስድስት ዓመት ልማድ ነው፣ ሳላስበው እጄ ሳህኑን ሊያነሣ ተዘረጋ። ጠርዙን ነካሁት። ብረት እንደ ተጣበቀበት ከጠረጴዛው አልነቃነቅ አለ። ከወዲያ በኩል ተይዟል።

እጄን መለስኩ። ወደ ቀኙ ጎን ሄጄ፣ ፎጣዬን በክንዴ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

ዘበኛው የበሩን ቁልፍ እያንቃጨለ መጣ። “አባባ፣ ልዘጋ ነው። ሳህኑን አንሡትና እንሂድ” አለኝ።

“ዝጋው” አልኩት። “እንግዳዬ ገና አልጨረሰም።”

ቴዎፊሎ ባቲስ